ኤአይ የዕቃ መግለጫ ይጻፍልን? ቴስትስ ከኮድ በፊት እንጻፍ? መቼ እንደሚያዋጣ እንዲህ ወስኑ

ሁለት ጥያቄዎች በተደጋጋሚ ይመጡልኛል። አንደኛው ኦንላይን ሱቅ ከከፈቱ ሰዎች ነው፦ «የዕቃዎቼን መግለጫ ኤአይ ቢጽፍልኝ ችግር አለው?» ሁለተኛው ሱቁን ከሚሠሩላቸው ፕሮግራመሮች ነው፦ «ቴስት ከኮድ በፊት መጻፍ እውነት ያዋጣል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?» ቴስት ማለት ዋናው ኮድ የሚጠበቅበትን መልስ መስጠቱን የሚፈትሽ ትንሽ ኮድ ነው፤ ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ ምልክት ያሳያል። ለረጅም ጊዜ ለየብቻ ነበር የምመልሳቸው። አሁን ግን ለሁለቱም አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ። ትክክለኛውን መልስ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀት ላይ ማስፈር ትችላላችሁ?

ከቻላችሁ ሁለቱም ያዋጣሉ። ስለ ዕቃው እውነቱን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ኤአይ ቃሉን ያሳምርላችኋል። ኮዱ ምን መመለስ እንዳለበት ካወቃችሁ ቴስቱ ኮዱን ይጠብቅላችኋል። ካልቻላችሁ ግን ኤአይ ክፍተቱን ከራሱ ይሞላዋል፣ ቴስቱም ግምታችሁን እንደ እውነት ያጸናዋል። ሁለቱም ሲሳሳቱ ልክ የሆኑ ይመስላሉ፤ አንዱ ባማረ አረፍተ ነገር፣ ሌላው በአረንጓዴ ምልክት።

ከበሶው ልጀምር

ከተወሰነ ጊዜ በፊት የባልትና ውጤቶች ለሚሸጥ ሱቅ ዌብሳይት እሠራ ነበር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጥቂት ጋቢና ነጠላም አለ። አብዛኛው ደንበኛ አሜሪካ ያለ ሐበሻ ነው። ዕቃው ወደ 180 ይጠጋል። የሱቁ ባለቤት ለመጻፍ ጊዜ የላትም፣ እኔም የለኝም። የዕቃዎቹን ስምና ዋጋ ብቻ ሰጥቼ መግለጫውን ሁሉ ኤአይ ጻፈው። በአንድ ምሽት አለቀ። በማግስቱ ጠዋት ቡና እየጠጣሁ ገጾቹን አንድ በአንድ ስከፍት የበሶው ላይ ደረስኩ። «ከግሉተን ነፃ» ይላል።

በሶ የገብስ ነው። ገብስ ደግሞ ግሉተን የሚባለው፣ ስንዴ ውስጥም ያለው ፕሮቲን አለው። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው ያንን አንብቦ ቢበጠብጠው ይታመማል። ደነገጥኩ። ሌሎቹን ስፈትሽ ድርቆሹም ላይ ያው ቃል አለ፤ ጋጋሪዋን ስንጠይቃት ጤፉ ላይ ገብስ ትቀላቅላለች። ለምን እንዲህ ጻፈ ካላችሁ፣ ስለ አገራችን ምግብ በእንግሊዝኛ ብዙ የተጻፈው ጤፍ ግሉተን የለውም የሚለው ነው፤ ኤአይው ያንን ለሁሉም አለበሰው። ከስምና ከዋጋ ሌላ ምንም አልሰጠሁትም ነበር። እውነቱ ከእኔ መምጣት ነበረበት።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጽሑፉ ቢሳሳት ማን ምን ይሆናል የሚለው ነው። ምግብ፣ ቅባት፣ መድኃኒት ነክ ነገር፣ የሕፃናት ዕቃ ከሆነ በኤአይ ብቻ የተጻፈ መግለጫ አይወጣም። ይሄ ላይ አልደራደርም። አሜሪካ ውስጥ ከጥር 2023 ጀምሮ ሰሊጥ እንኳን በሕግ ማሸጊያው ላይ ተለይቶ ከሚጻፉት አለርጂ አምጪ ምግቦች አንዱ ሆኗል። ቆሎው ውስጥ ሰሊጥ ይኑር አይኑር የምታውቀው ያዘጋጀችው ሴትዮ ናት፤ ማሽኑ ሊያውቅ አይችልም። ልብስ ከሆነ ጉዳቱ ዕቃው ተመልሶ መምጣቱና ደንበኛው መቀየሙ ነው። የስልክ ከቨር ከሆነ ብዙም ጉዳት የለም፣ ኤአይ ይጻፈው።

«እኔ አልጻፍኩትም፣ ማሽኑ ነው» የሚል መልስ ደግሞ አያድንም። ኤር ካናዳ ይሄንን ሞክሮት ነበር። ዌብሳይቱ ላይ ያለው ቻትቦት ለአንድ ሐዘን ለደረሰበት ተሳፋሪ የቲኬት ቅናሹን ከበረራ በኋላም ማመልከት እንደሚችል ነገረው፤ የአየር መንገዱ ደንብ ግን አይፈቅድም። ኩባንያው ቻትቦቱ ለራሱ ተግባር ራሱ ተጠያቂ ነው ብሎ ተከራከረ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በምትባለው የካናዳ ግዛት አነስተኛ ክርክሮችን የሚዳኘው ትሪቡናል በየካቲት 2024 ይሄንን ውድቅ አድርጎ ወደ 812 የካናዳ ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ዌብሳይታችሁ ላይ የወጣ ቃል የእናንተ ቃል ነው።

እንዴት ይሠራል ታዲያ?

ከበሶው ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ መጀመሪያ አንድ መስመር ሠንጠረዥ ላይ ይሞላል። ከምን ተሠራ፣ ምን ተቀላቀለበት፣ ክብደቱ ወይም ልኩ፣ ማን አዘጋጀው፣ እንዴት ይቀመጣል፣ ስንት ጊዜ ይቆያል፣ ግሉተን አለው ወይስ የለውም ወይስ አልተረጋገጠም። የሚሞላው ዕቃውን የሚያውቀው ሰው ነው። ስልክ ደውሎ መጠየቅ ካስፈለገ ይደወላል። ይሄ የሥራው ዋና ክፍል ነው፣ አሰልቺም ነው፤ ግን እሱን የዘለለ ሰው ወደ ኤአይው ባይሄድ ይሻለዋል። ከዚያ ኤአይውን «ከዚህ ሠንጠረዥ ውጪ ምንም አትጨምር፣ የጎደለ ካለ የጎደለውን ጠይቀኝ» እለዋለሁ። የጻፈውን ሳነብ እያንዳንዱን አባባል ከየትኛው የሠንጠረዡ ክፍል እንደመጣ እጠይቃለሁ። ምንጩ ያልተገኘ ቃል፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ይወጣል።

ስለ አማርኛውም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ይሄ ያንገበግበኛል። ለጋቢው ኤአይው መጀመሪያ የሰጠኝ ይሄ ነበር፦ «የእኛ ልዩ ጋቢ ለሕይወትዎ ምቾትን እና ውበትን በማምጣት የማይረሳ ተሞክሮን ያቀርብልዎታል።» ጋቢ የሚገዛ ሰው ተሞክሮ አይፈልግም። ይሞቃል? ስንት ድርብ ነው? ፈትሉ የእጅ ነው? ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሠንጠረዡን ሞልተን፣ እኔም እጄን አስገብቼበት የወጣው ይሄ ነው፦ «አራት ድርብ ጋቢ። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ የእጅ ፈትል። ጥለት የለውም፣ ለአባት ስጦታ ይሆናል። መጀመሪያ ሲታጠብ ትንሽ ይሰበሰባል፣ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት።» ልዩነቱን እዩት። ሁለተኛው ውስጥ ሸማኔው የሚያውቀው ነገር አለ። «ድሩ የፋብሪካ ክር ነው» ማለት ዕቃውን አያረክሰውም፤ እንደውም ሰው ስለ ማጉ የተባለውን እንዲያምን ያደርገዋል።

ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን በግምት አትወስኑ፣ ሰዓት ያዙ። አሥር ዕቃ ምረጡ። አምስቱን ራሳችሁ ጻፉ፣ አምስቱን ኤአይ ይጻፍና እናንተ አርሙ። የማረሚያውንም ጊዜ ቁጠሩ፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። አሥራ ሁለት ዕቃ ላለው ሱቅ እኔ እስካሁን ባየሁት በእጅ መጻፍ ይሻላል፤ ግማሽ ቀን ነው፣ ድምፁም የባለቤቱ ይሆናል። አራት መቶ ዓይነት ጫማ በመጠንና በቀለም ብቻ የሚለያይ ከሆነ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ያንን መጻፍ የለበትም። እንግሊዝኛ መግለጫ ተጽፎ ያለቀ ከሆነና አማርኛው የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ኤአይ ረቂቁን ያውጣ፣ አማርኛ የሚያምርለት ሰው ይለፍበት።

«ጉግል አይቀጣኝም ወይ?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ጉግል በየካቲት 2023 የሚያየው የጽሑፉን ጥራት እንጂ በምን እንደተጻፈ እንዳልሆነ ተናግሯል። በመጋቢት 2024 ደግሞ ለፍለጋ ደረጃ ብቻ ተብሎ በጅምላ የሚመረት፣ ለአንባቢ የማይረባ ገጽን እንደ ስፓም እንደሚቆጥር ደንብ አወጣ። ሰው የሚጠቅም ጽሑፍ ከሆነ አትጨነቁ።

አሁን ወደ ኮዱ

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል። ቴስት ከኮድ በፊት የመጻፍ ሐሳብ፣ በአጭሩ ቲዲዲ የምንለው፣ ለእኔ ይሄው ተረት ነው። ኬንት ቤክ የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ከሚባለው አሠራር ጋር አስፋፋው። አካሄዱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ትንሽ ቴስት ትጽፋላችሁ፤ ኮዱ ገና ስለሌለ ይወድቃል፣ ቀይ ይሆናል። ከዚያ እሱን ብቻ የሚያሳልፍ ኮድ ትጽፋላችሁ፣ አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ ኮዱን ታጸዳላችሁ። ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ።

ጊዜ ይወስዳል? አዎ ይወስዳል። በፈረንጅ 2008 የታተመ አንድ ጥናት ሦስት የማይክሮሶፍትና አንድ የአይቢኤም ቡድን ተመልክቶ ነበር። ምርቱ ከመውጣቱ በፊት የተገኙት ስህተቶች ብዛት ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠሩና በዚህ መንገድ ካልሠሩ ቡድኖች አንጻር ከ40 እስከ 90 በመቶ ቀንሷል። የመጀመሪያው የሥራ ጊዜ ደግሞ፣ በኃላፊዎቹ ግምት፣ ከ15 እስከ 35 በመቶ ጨምሯል። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ኮድ ላይ ያንን ተጨማሪ ጊዜ መክፈል ይገባል ነው።

ገንዘብ የሚነካው ላይ። ሁልጊዜ። አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ዕቃው ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር ነው፤ ደረሰኙ ላይ ቫቱ ለብቻው መውጣት አለበት። ቫት 15 በመቶ ነው። ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው 1,150ን በ0.15 ያባዛና 172 ብር ከ50 ያገኛል። ስህተት ነው። ትክክለኛው 150 ብር ነው፣ ምክንያቱም 1,000 ብር ላይ 15 በመቶ ሲጨመር ነው 1,150 የሚሆነው። ልዩነቱ በአንድ ዕቃ 22 ብር ከ50 ነው። በቀን ሃምሳ ዕቃ ቢሸጥ ከአንድ ሺህ ብር በላይ። ማንም አያየውም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳብ ሠራተኛው ነው የሚያየው፣ ያኔ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ደረሰኝ ወጥቷል።

ኮዱን ከመንካቴ በፊት የምጽፈው ቴስት ይሄ ነው፦ 1,150 ሲሰጠው 150 ይመልስ። 115 ሲሰጠው 15። ዜሮ ሲሰጠው ዜሮ። 99 ብር ከ99 ሲሰጠው 13 ብር ከ04። የመጨረሻዋን ስጽፍ ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም ካልኩሌተሩ 13.04 ብሎ አይቆምም፣ ከኋላው ቁጥር ይቀጥላል። የት ይቆረጥ? በእያንዳንዱ ዕቃ ነው በደረሰኙ ድምር? ይሄ የፕሮግራመር ውሳኔ አይደለም፤ ሒሳብ ሠራተኛው ይጠየቃል። ቴስቱን ቀድሜ ባልጽፍ ያ ጥያቄ አይመጣብኝም ነበር። የቲዲዲ ትልቁ ጥቅሙ ለእኔ እዚህ ጋ ነው፣ ሳትጠይቁ ልታልፉት የነበረውን ነገር ቀድሞ ያስጠይቃችኋል። በነገራችን ላይ ብርን በነጥብ ቁጥር አታስቀምጡ። ኮምፒውተር ላይ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ልክ 0.3 አይመጣም። በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ።

ሁለተኛው ቦታ ሕጉ የታወቀ ግን ተንኮል ያለበት ነገር ነው። ለዚህ ከእኛ ቀን አቆጣጠር የተሻለ ምሳሌ የለም። መስከረም 1 ቀን 2017 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፣ ምክንያቱም 2015 ላይ ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት። ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ከቀረ ጳጉሜን ስድስት ናት፣ ካልሆነ አምስት። እነዚህን ቀኖች ቀድማችሁ ቴስት አድርጉ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ሲገባ ደግሞ ኮዱ እምቢ ይበል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ደንበኛው «ጠዋት 3 ሰዓት አምጡልኝ» ሲል ለኮምፒውተሩ 9 ሰዓት ነው። ያንን ሳያውቅ የተሠራ ሲስተም ሾፌሩን በሌሊት ይልከዋል።

ሦስተኛው፣ ሁለት ጊዜ ሊመጣ የሚችል ነገር ነው። የክፍያ ማረጋገጫ ከክፍያ ሲስተሙ ሲላክ፣ ኔትወርክ ተቆርጦ መልሳችሁ ካልደረሰው ድጋሚ ይልካል። ሰርቨራችሁ ሁለቱንም እንደ አዲስ ከተቀበለ አንድ ሰው ለከፈለበት ሁለት ኪሎ በርበሬ አራት ኪሎ ይላክለታል። «ያው ማረጋገጫ ሁለት ጊዜ ቢመጣ ትዕዛዙ አንድ ይሁን» የሚለውን ቴስት ከኮዱ በፊት ጻፉት። በእጅ እየነካኩ ይሄንን መሞከር በጣም ያስቸግራል።

የማያዋጣበትስ? የገጹ መልክ ላይ አያዋጣም። ቁልፉ ትንሽ ወደ ግራ ይሁን ለሚለው ዓይን ነው ዳኛው። ለእንቁጣጣሽ ተከፍቶ በአሥረኛው ቀን የሚዘጋ የማስታወቂያ ገጽ ላይም አይመከርም። ደግሞ ገና የምትሞክሩት ነገር ላይ፣ ለምሳሌ አዲስ የክፍያ ሲስተም ምን እንደሚመልስ እንኳን ሳታውቁ ቴስት መጻፍ ከጀመራችሁ የራሳችሁን ግምት ነው የምትፈትኑት። መጀመሪያ ተጫወቱበት፣ ኮዱ የተበላሸ ይሁን፣ መልሱን እዩት። ከዚያ የሞከራችሁበትን ጣሉትና በቴስት ጀምሩ። መጣሉ ያማል፣ ግን ጣሉት።

ያለ ምንም ቴስት ሦስት ዓመት የሠራ ሱቅ ከተረከባችሁ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ለሁሉም ቴስት አትጻፉ። ስህተት በተገኘ ቁጥር፣ ከማስተካከላችሁ በፊት ያንን ስህተት የሚያሳይ አንድ ቴስት ጻፉ። ቀይ ሲሆን እዩት፣ ከዚያ አስተካክሉት። ብዙ ስህተት የሚወጣበት የኮዱ ክፍል በራሱ ጊዜ ብዙ ቴስት ይኖረዋል።

ኤአይ ቴስቱንም ሲጽፍ

አሁን ብዙ ልጆች ኮዱንም ቴስቱንም ኤአይ ነው የሚያጽፉት። እኔም በኤአይ ኮድ እጽፋለሁ፣ አልቃወምም። ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ያንን 172 ብር ከ50 የሚመልሰውን የተሳሳተ ኮድ ሰጥታችሁ «ቴስት ጻፍለት» ካላችሁት፣ ኮዱን አንብቦ «1,150 ሲገባ 172.50 ይውጣ» ብሎ ሊጽፍላችሁ ይችላል። ሁሉም አረንጓዴ ነው። ስህተቱ አሁን ጠባቂ ተመድቦለታል፤ ነገ አንድ ሰው ሊያስተካክለው ቢሞክር ቴስቱ ይወድቅበትና «አበላሸሁ» ብሎ ይመልሰዋል።

ስለዚህ የሚገባውንና የሚወጣውን ቁጥር እናንተ ስጡት፤ ከሒሳብ ሠራተኛው፣ ከቀን መቁጠሪያው፣ ከደንቡ አምጥታችሁ። የቴስቱን ኮድ እሱ ይጻፈው፣ ቀጥሎ ዋናውን ኮድ ይጻፍ። በዚህ ቅደም ተከተል ሲሠራ ቲዲዲ ከበፊቱ በጣም ርካሽ ሆኗል፤ አሰልቺ የነበረውን ትየባ ማሽኑ ስለሚሠራው እናንተ ላይ የሚቀረው ትክክለኛውን መልስ ማወቁ ነው።

የባልትናው ሱቅ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ አያይዣቸዋለሁ። መግለጫው ኤአይ ይጽፈዋል፣ ከመውጣቱ በፊት ግን በቴስት ያልፋል። አንዱ ቴስት እንዲህ ይላል፦ ጽሑፉ ውስጥ «ከግሉተን ነፃ» ወይም የሚመስለው ቃል ካለ፣ ሠንጠረዡ ላይ ግሉተን «የለውም» ተብሎ በሰው እጅ የተሞላ መሆን አለበት፤ «አልተረጋገጠም» ከሆነ ገጹ አይወጣም። ቃል ፍለጋ ስለሆነ ሁሉንም አይዝም፣ ለዚያ ሰው ያነበዋል። መጀመሪያ በአሮጌው የበሶ ጽሑፍ ሞከርኩት፣ ቀይ ሆነ። ያኔ ነው ያመንኩት።

ባለፈው ሰሞን አዲስ የገንፎ ዱቄት ሲገባ ያው ቴስት ገጹን አቆመው። ኤአይው «ለግሉተን አለርጂ ላለባቸው ተስማሚ» ብሎ ጽፏል፣ ሠንጠረዡ ግን «አልተረጋገጠም» ይላል። የሱቁ ባለቤት ዱቄቱን ወዳስፈጨችበት ወፍጮ ቤት ደወለች። የበቆሎ ብቻ ነው ብላ ነበር የምታስበው። ገብስ አለበት አሏት።